ከቢሮ በወጣ ዩፒኤስና በኢሱዙ ባትሪ የጉድጓድ ፓምፕ ማስነሳት ይቻላል?

ወተት ሱሉልታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሱሉልታ ነው። ዘጠኝ ዲቃላ የወተት ላሞች አሉኝ። ግቢያችን ውስጥ በእጅ የተቆፈረ 20 ሜትር የሚሆን ጉድጓድ አለ። በበጋ ውሃው 15 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ውስጡ ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ሰመርሲብል (ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ) ፓምፕ ተንጠልጥሏል፤ ሲንግል ፌዝ ነው። ብረት ማማ ላይ ወዳለ የ1000 ሊትር ሮቶ ይገፋል። ከዚያ ወደ ላሞቹ ገንዳ ውሃው በራሱ ይወርዳል።

መብራት ሁለት ሦስት ሰዓት ሄዶ ቢመለስ እንችለዋለን። ባለፈው ክረምት ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና ከሳምንት በላይ ጨለማ ውስጥ ቆየን። በገመድና በባልዲ ቀዳን። ሲያቅተን ደግሞ ከአህያ ጋሪ በጀሪካን ገዛን። ላም እስክትጠግብ ውሃ ካልጠጣች ወተቷ ወዲያው ይቀንሳል። መብራት ከመጣ በኋላ እንኳ ወተቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ብዙ ከሰርን። ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ።

በእጄ ያለው ይሄ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ወንድሜ አንድ ከባድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ መብራት የሚሰጥ ዕቃ) ገዛልኝ። 3000 ቪኤ፣ 2700 ዋት የሚል ተጽፎበታል። የውስጥ ባትሪዎቹ አብጠው ስለነበር አወጣናቸው። ወንድሜ የኢሱዙ ሹፌር ነው። ከእሱና ከጓደኞቹ መኪና የወጡ አራት ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ባትሪዎች አገኘን። ሲሪየስ (አንዱን ከሌላው በተከታታይ) አድርገን 48 ቮልት አወጣን። ዩፒኤሱ ተነሳ። አምፖል ያበራል፣ ቴሌቪዥን ይከፍታል። ፓምፑን ስንሰካበት ግን አንዴ ያቃስታል፣ ይጮሃል፣ ቀይ መብራት ያሳይና ይዘጋል።

1 ፈረስ ጉልበት 750 ዋት ነው ይሉናል። ዩፒኤሱ 2700 ነው። ታዲያ ለምን አቃተው? ባትሪው አርጅቶ ነው? ወይስ ሌላ ትልቅ ዩፒኤስ ልፈልግ? ገንዘቤን የት ላይ እንደማወጣ አውቄ ላውጣ ብዬ ነው።

ባቱ ሽንኩርት፦

እህቴ በአሮጌ ዕቃ አትድከሚ። ሞተር ፓምፕ ግዢ። እኛ ባቱ ላይ ሽንኩርቱንም ቲማቲሙንም የምናጠጣው በእሱ ነው። ገመዱን ስቦ ማስነሳት ነው፣ በቃ። ቤንዚን በጀሪካን ለመቅዳት ከቀበሌ ደብዳቤ ማጻፍ ያስፈልግሽ ይሆናል፣ እሱ ትንሽ ያመላልሳል። ግን ሥራውን ይሠራልሻል።

ጋሼ ቴስተር፦

ሰላም እህቴ። ሥራዬ የዩፒኤስና የኢንቨርተር ጥገና ነው። መገናኛ አካባቢ ነው የምሠራው። ነገሩን በደንብ ስላስረዳሽው መልሱ አይከብድም።

ዩፒኤስሽ ጤነኛ ነው። ባትሪውም ለጊዜው ጥፋተኛ አይደለም። ያስቸገረሽ የመነሻ ጉተታ ነው። 750 ዋት የሚባለው ሞተሩ ዘንጉ ላይ የሚሰጠው ጉልበት ነው። ከመስመር የሚስበው 1100 ዋት አካባቢ ነው፤ 5 ወይም 6 አምፔር ማለት ነው። ያውም ከተነሳ በኋላ። ከቆመበት ሲነሳ ለአንድ አፍታ የዚያን አራት፣ አምስት እጥፍ ይጠይቃል። 25 አምፔር በይው። በ220 ቮልት አባዢው፣ 5500 ቪኤ ይመጣል። ያንቺ ዩፒኤስ ጣሪያው 13 አምፔር ተኩል ግድም ነው። ስለዚህ ራሱን ለማዳን ይዘጋል፤ መዝጋቱም ልክ ነው። የቤት መስመር ይሄን የሚችለው ከጀርባው የሰፈር ትራንስፎርመር ስላለ ነው። ፓምፑ ሲነሳ የሳሎን አምፖል ለቅጽበት ደብዘዝ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ባትሪ ብትጨምሪም፣ አራቱንም በአዲስ ብትቀይሪም፣ ያው ይዘጋል። ቫልቩን ዘግተሽ አስነሺው የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እሱ ከተነሳ በኋላ ያለውን ጭነት ይቀንሳል እንጂ የመነሻውን አይነካም።

አሁን ደግሞ የውሃውን ሒሳብ ተመልከቺ። የምትታለብ ላም በቀን ከ60 እስከ 100 ሊትር ትጠጣለች። ለዘጠኙም፣ ዕቃ ማጠቢያውንም ጨምረሽ 1000 ሊትር እንበል። ፓምፕሽ በዚያ ከፍታ በደቂቃ 40 ሊትር ቢገፋ በ25 ደቂቃ ሮቶው ይሞላል። 1100 ዋት ለ25 ደቂቃ 460 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ዩፒኤሱ ውስጥ በሙቀት የሚባክነውን ስትጨምሪበት 540 ይሆናል። ከ48 ቮልት ባትሪ ሲወጣ 11 አምፔር ሰዓት ብቻ!

ይሄን ቁጥር ልብ በይልኝ። ሰው መብራት ሲያስመርረው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባትሪ ነው። ደንበኞቼን ስመክር የምውለው ይሄንኑ ነው። ውሃ ለመሳብ የሚያስፈልገው የመብራት መጠን ትንሽ ነው። ከባዱ ያቺ የመነሻዋ ቅጽበት ናት። መፍትሔ መፈለግ ያለብን ለእሷ ነው።

እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት ሁለተኛ ሮቶ እገዛለሁ። መብራት ባለ ጊዜ ሁለቱም ጢም ብለው እንዲቆዩ ፍሎተር አስገጥሚላቸው፤ ውሃው ሲጎድል ፓምፑን ራሱ ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። ገንዳ ግፊት አይፈልግም፣ ስለዚህ ሁለተኛው ሮቶ ረጅም ማማ አያስፈልገውም። ከገንዳው በላይ ሁለት ሜትር ከሆነ በቂ ነው። ማማውን የሚሠራልሽ ብየዳ ቤት ግን 1000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን መሆኑን ይወቅ። ከሮቶዎቹ ብቻ የሁለት ቀን ውሃ አለሽ ማለት ነው። የሮቶ ውሃ አያረጅም፣ አሲድ አይጨመርበትም፣ ቻርጀር አይፈልግም።

ከዚያ ፓምፑ ይቀጥላል። ጉድጓድሽ በእጅ የተቆፈረ መሆኑ ጥሩ ዕድል ነው፤ ሰፊ ነው። ከትልቁ ጎን ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ሁለተኛ ሰመርሲብል አንጠልጥዪ። በማሽን የተቆፈረ ጠባብ ጉድጓድ ቢሆን ይሄን አልመክርሽም ነበር። ግማሽ ፈረስ ጉልበቱ ከመስመር 600 ወይም 650 ዋት ይስባል። ሲነሳ ከ12 እስከ 15 አምፔር ቢጠይቅ ነው። ይሄ ከዩፒኤስሽ አቅም ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ለቅጽበት ትንሽ ቢያልፈው ደህና ዩፒኤስ ይታገሠዋል። ሮቶውን ለመሙላት 25 ደቂቃ የነበረው 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከባትሪው የሚወጣው ግን ያው ነው። የራሱ ቱቦና የራሱ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) ይኑረው። ትልቁ አንድ ቀን ቢቃጠል ደግሞ ላሞቹ ውሃ አያጡም።

ግን ሳትሞክሪ እንዳትገዢ። ዩፒኤሱንና አራቱን ባትሪ በወንድምሽ መኪና ጭናችሁ ሻጩ ጋ ውሰዱ። በርሜል ውሃ ውስጥ ፓምፑን ከታችሁ ደጋግማችሁ አስነሱት፣ አጥፉት። የመነሻ ጉተታው በርሜል ውስጥም ጉድጓድ ውስጥም ያው ነው። እዚያ ከተነሳ ቤትም ይነሳል። ይሄን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመሽ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፊ።

ይሄ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። ትንሹ ፓምፕ ከዩፒኤሱ ጋር ብቻ ይያያዛል፣ የቤቱን መስመር አይነካም። አንዳንድ ሰው በሁለቱም ጫፍ ሶኬት ያለው ገመድ ሠርቶ ከዩፒኤስ ወይም ከጀነሬተር ወደ ግድግዳ ይሰካል። እባካችሁ ይሄን የምታደርጉ ሁሉ ተዉት። 220 ቮልቱ ወደ ኋላ ሄዶ በትራንስፎርመሩ በኩል ከፍተኛ ቮልቴጅ ሆኖ ይወጣል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ የመብራት ሠራተኛ አለ። ቤቱን በሙሉ ማብራት የሚፈልግ ሰው ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ ያስገጥም፤ ወይ ይሄ ወይ ያ እንጂ ሁለቱ እንዳይገናኙ።

ባትሪዎቹን በተመለከተ፣ አራቱን ለየብቻ ሙያቸው። አንድ ሌሊት ሳይነኩ ይደሩ። ጠዋት በቴስተር ስትለኪ 12.6 አካባቢ ካላሳዩ ገና ከጅምሩ ደካማ ናቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ የመኪና የፊት መብራት አምፖል፣ ባለ 55 ዋቱን፣ ለአንድ ሰዓት አብሪና እንደበራ ለኪ። አራቱ የሚቀራረብ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። ከሌሎቹ ለይቶ የወረደውን አውጪው። በሲሪየስ መስመር ውስጥ አንድ ደካማ ካለ ሦስቱን ይዞ ይወርዳል፤ ሲሞላም እሱ ቀድሞ ይፈላል። ውሃቸው ከጎደለ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሪ። አሲድ አይሆንም፣ የጉድጓድ ውሃም አይሆንም።

የመኪና ባትሪ ለማስነሻ የተሠራ ነው፣ በጥልቀት ሲወርድ ቶሎ ይሞታል። ዩፒኤሱ ግን እጅግ እስኪዳከሙ ድረስ ይስባቸዋል፣ አያዝንላቸውም። ከሥራ በኋላ አሳርፈሽ ስትለኪ አራቱ በድምር ከ48 ቮልት ተኩል በታች ካሳዩ የዚያን ቀን ይብቃቸው። እርጅና 40 በመቶውን ወስዶባቸዋል ብለን ከቀረው ግማሹን ብቻ ብትጠቀሚ እንኳ ወደ ሦስት ቀን የሚጠጋ ውሃ ያወጣሉ። ከሮቶዎቹ ጋር አምስት ቀን ገደማ ሆነልሽ። መብራት ከዚያም በላይ ከቆየ ኢሱዙው 24 ቮልት ስለሆነ ሁለት ሁለቱን ሞተሩ ላይ ማስሞላት ይቻላል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ልጨምር። መብራት በሌለበት ዩፒኤሱ ምንም ሳይሰካበት ተከፍቶ ቢውል ለራሱ ብቻ 50 ዋት አካባቢ ሊበላ ይችላል። በ24 ሰዓት 25 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፤ የላሞችሽ የሁለት ቀን ውሃ! ሮቶው እንደሞላ አጥፊው። ሲያስፈልግ ከባትሪ ብቻ መነሳት መቻሉን ደግሞ አሁኑኑ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ከግድግዳው ነቅለሽ ሞክሪው። ቻርጀሩም የተሠራው ለትንንሽ ባትሪ ነው። በ3 አምፔር ቢሞላ 50 አምፔር ሰዓት ለመመለስ 17 ሰዓት ይፈልጋል። በአንድ ሰዓት መብራት ሞልቷል ብለሽ እንዳታስቢ።

ባትሪዎቹ የት ነው ያሉት? ሲሞሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣሉ። ድርቆሽ ቤት ውስጥ ከሆኑ ዛሬውኑ አውጪያቸው። አየር ያለበት፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ ይሁኑ። ከባትሪው ጫፍ አጠገብ 60 አምፔር የዲሲ ፊውዝ አስገቢበት፤ ገመዱ 16 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ባትሪ ስትነኪ ቀለበትና አምባር አውልቂ። የዩፒኤሱን ሽፋን ደግሞ አትክፈቺ። ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (መብራት የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ይይዛሉ።

የድራይቭ ልጅ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ሌላ መንገድም አለ። ከፋብሪካ የወጣ ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ምናለሽ ተራ ይገኛል። ሲንግል ፌዝ 220 ያስገቡለታል፣ ሦስት ፌዝ ያወጣል። ሞተሩን ከዜሮ ቀስ አድርጎ ስለሚያስነሳው የመነሻ ጉተታ የሚባል ነገር አይኖርም። በዚህ መንገድ 1 ፈረስ ጉልበት በዚሁ ዩፒኤስ ይነሳል። እኔ ፋብሪካ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነው።

ጋሼ ቴስተር፦

ትክክል ነህ ልጄ። ሦስት ፌዝ ፓምፕ ላለው ሰው እንደዚያ ያለ መፍትሔ የለም። የእሷ ግን ካፓሲተር ያለው ሲንግል ፌዝ ነው፤ ድራይቭ ከካፓሲተር ጋር አይስማማም። ፓምፑን ልትቀይር ነው ማለት ነው። ስትቀይርም ሰሌዳው ላይ 220 ሦስት ፌዝ የሚል መሆን አለበት። መሬት ላይ የሚቀመጥ ሞተር 220/380 ከሆነ ክዳኑን ከፍተህ የገመዶቹን አያያዝ ዴልታ (ለ220 የሚሆነው) ታደርገዋለህ። የሰመርሲብል ሞተር ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ገመድ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ውስጡ ታስሯል። 380 ከሆነ 380 ነው።

ባቱ ሽንኩርት ወንድሜ፣ አንተም ያልከው ለአንተ ቦታ ይሠራል። ውሃህ ከሐይቅ ነው፣ ቅርብ ነው። የእሷ ውሃ 15 ሜትር ታች ነው። ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ነው። የእናንተ ባቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1640 ሜትር ግድም ነው፣ ሱሉልታ ከ2700 ያላነሰ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ደህና የሚባለው ፓምፕ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ሜትር ቢስብ ነው። የፈለገ ጉልበት ይኑረው፣ 15 ሜትር ላይ ያለ ውሃ ወደ ላይ አይመጣለትም። ጀነሬተር ልግዛ ብትልም የቤንዚን ሞተር በዚያ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አምና እንዳትገዛ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እናቴም ገላን አካባቢ ላሞች አሏት፣ ችግሩ አንድ ነው። እዚህ አሮጌ የሰርቨር ዩፒኤስ በቅናሽ ይሸጣል። ሰው ሲመጣ ላሲዝላት?

ጋሼ ቴስተር፦

ስለ እናትሽ ማሰብሽ እግዚአብሔር ይባርክሽ። ግን የእናንተ አገር መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ለእዚያ አገር የተሠራ ዩፒኤስ እዚህ ፓምፕ አያነሳም። ለሻንጣው ኪሎ የምትከፍዪውን ሮቶ ግዢላት። ዱባይ ዘመድ ካላችሁ የእነሱ መብራት ባለ 50 ኸርዝ ነው፣ ከዚያ የሚመጣ ይሆናል። የሳውዲው ግን 60 ኸርዝ ነው፣ ይሄን ጠይቁ።

ወተት ሱሉልታ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባትሪዎቹን ከድርቆሹ ጎን ነበር ያስቀመጥናቸው፣ አውጥተናቸዋል። በአምፖሉ ስንፈትሽ ሦስቱ 12.3 አካባቢ ሲቆሙ አንዱ 11.4 ወረደ። ወንድሜ ሌላ ይፈልጋል። ፓምፑንም እንዳሉኝ በርሜል ውስጥ አስነስተን ነው የገዛነው። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ነው፣ ደጋግመን ብናስነሳውም ዩፒኤሱ አንዴም አልጮኸም።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ትንሹን ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አውርደን፣ አራተኛው ባትሪ እስኪመጣ በዩፒኤሱ በኩል ከግድግዳው መብራት ለትንሽ ጊዜ አሠራነው። በዚያ ሰዓት አንዷ ላም ልትጠጣ መጣች። አፏን ውሃው ላይ ነካ አደረገችና ብድግ ብላ ሸሸች። ተመልሳ በምላሷ ብቻ ላስ ላስ አድርጋ ተወችው። ሌላዋም እንደዚያው። ፓምፑን ስናጠፋ ግን እንደ ወትሮው ጠጡ። ገንዳው ላሜራ ነው። እኔ በእጄ ስነካው ምንም አይሰማኝም። ውሃው አዲስ ቱቦ ሸትቷቸው ይሆን?

ጋሼ ቴስተር፦

ሽታ ቢሆን ኖሮ ፓምፑን ስታጠፊ አይጠጡም ነበር። ውሃው ውስጥ መብራት እየደረሰ ነው። ፓምፑን አሁኑኑ ከዩፒኤሱ ንቀይ፤ ይሄን ሳናጣራ አይነሳ።

ላም ከሰው ይልቅ መብራት ይሰማታል። በአራት እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ቆማ በእርጥብ አፏ ነው ብረቱን የምትነካው። አንድ ቮልት እንኳ ከመጠጣት ሊያስቀራት ይችላል። አንቺ ቦት ጫማ አድርገሽ በደረቅ እጅ ስትነኪ አይሰማሽም።

አንድ ኤሌክትሪሺያን አስጠሪ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ገንዳው ላይ፣ ሌላውን ላሟ በምትቆምበት እርጥብ መሬት ላይ በተቀመጠ ብረት ላይ ያድርግ። ፓምፑ ጠፍቶም በርቶም ይለካ፤ ሲለካ ላሞቹ እዚያ አይኑሩ። ግማሽ ቮልት ካለፈ ምንጩ ይፈለግ። የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ፓምፑ ገመድ ላይ ውሃ ውስጥ የገባው መጋጠሚያ ነው። በተራ ፕላስተር ተጠቅልሎ ከሆነ ውሃ ይገባዋል። የሰመርሲብል መጋጠሚያ በሙቀት በሚጣበቅ ሽፋን ነው የሚዘጋው። ሜገር (የገመድ ሽፋን ጤንነት የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ከሆነ ገመዱን ከነሞተሩ ይለካልሽ። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ኤክስቴንሽኑ ነው፤ የመሬት ገመድ የሌለው ባለ ሁለት ሽቦ እንዳይሆን።

ከተስተካከለ በኋላ ከዩፒኤሱ መውጫ ላይ መብራት ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የፍሳሽ ብሬከር ይግባ። መሬት ውስጥ የመዳብ ዘንግ ይተከል። የዩፒኤሱ አካል፣ የፓምፑ የመሬት ገመድ፣ የብረት ቱቦውና ገንዳው ሁሉም ከእሱ ጋር ይታሰሩ። ብሬከሩ በዩፒኤሱ መብራት መቁረጡን በመሞከሪያ ቁልፉ ፈትሹት፤ መብራት ባለ ጊዜም፣ ከባትሪ ሲሠራም፣ ሁለቱንም።

እስከዚያው ላሞቹ በፕላስቲክ ባልዲ ይጠጡ። መለኪያው ምን እንዳሳየ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።